አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሻይ ቅጠል፦ አንዱን ቅጠል ደጋግሞ የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

ጀበና በሚጣድበት ቤት ላደገ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ማፍላት አዲስ ነገር አይደለም። አቦል ይቀዳል፤ ውሃ ይጨመርና ቶና ይመጣል፤ ደግሞ ውሃ፣ ከዚያ በረካ። አንድ ጊዜ የተወቀጠ ቡና ጎረቤቱን ሁሉ ሦስት ዙር ያጠጣል። ሻይ ላይ ስንደርስ ግን አንዴ አፍልተን፣ አጥልለን፣ ቅጠሉን እንደፋለን። ዘወትር ለምንገዛው ድቃቂ ሻይ ይህ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እናገራለሁ። ያልተፈጨ፣ ሙሉ ቅጠል የሆነ ሻይ እጃችሁ ከገባ ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ መድፋት አቦሉን ጠጥቶ ጀበናውን እንደመስበር ነው።

ይህን የተማርኩት ቅጠል አባክኜ ነው። ለንግድ ቻይና፣ ጓንዡ የምትመላለስ ታናሽ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቆርቆሮ ኡሎንግ (በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ያለ ዓይነት) ሻይ ይዛልኝ ሐዋሳ መጣች። እኔም እንደ ልማዴ በራዱን ጣድኩ፤ ሁለት ማንኪያ ቅጠል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ስኳር አንድ ላይ ጨምሬ አንተከተክሁት። የወጣው አፍ የሚያኮማትር መራራ ነገር ነበር። ልደፋው ስል ማጥለያው ላይ ያለውን አየሁ። ሲገባ ከሽምብራ ያነሰ ድብልብል የነበረው ነገር ተዘርግቶ የጣቴን ያህል ሙሉ ቅጠል ሆኗል፤ አንዳንዱ ከነግንዱ ሁለትና ሦስት ቅጠል አብሮ ይዟል፣ ጠርዙ ቀላ ብሏል፣ መሃሉ ገና አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ቅጠል በአንድ ማፍላት ያልቃል ብሎ ለማመን ከበደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተለያየ ልክና ሰዓት እየሞከርኩ፣ እየጻፍኩ ቆየሁ፤ ከዚህ በታች ያለው የዚያ ውጤት ነው።

መጀመሪያ ቅጠላችሁን እወቁ

አረንጓዴውም፣ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ኡሎንጉም ከአንድ ዓይነት ተክል ነው የሚገኙት። ልዩነቱ ከተለቀመ በኋላ በሚደረግለት ነገር ላይ ነው። ስንት ዙር እንደሚሰጥ የሚወስነው ደግሞ በዋናነት ቅጠሉ ምን ያህል ሳይሰበር እንደቆየ ነው።

ከፋ ውስጥ ውሽውሽ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ጉማሮ የሚመረተውና በየሱቁ የምናገኘው ሻይ አብዛኛው ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ድቃቂ ነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሳም፣ ሕንድ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ቅጠሉ በጥርሳም ጥቅል ብረቶች መካከል አልፎ ይጨፈለቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠቀለላል። ዓላማው ቶሎ የሚደምቅ፣ ስኳርና ወተት የሚችል ጠንካራ ሻይ ማግኘት ነው፤ ለዚያ ዓላማ ደግሞ እንከን የለውም። ነገር ግን ቅጠሉ በሁሉም በኩል ስለተከፈተ ውሃ ሲያገኘው ያለውን ሁሉ በሁለት በሦስት ደቂቃ ያወጣል። ሁለተኛ ብታፈሉት ቀለም ታገኛላችሁ፣ ጣዕም ግን የለም። በከረጢት የሚመጣው ሻይም ያው ነው።

ሙሉ ቅጠል ሌላ ነው። የቅጠሉ ሕዋሳት ብዙዎቹ አልተቀደዱም፤ ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባው ቀስ እያለ ነው፣ ያለውንም የሚለቀው ቀስ እያለ። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት መቀበል ይቻላል።

ሻዩ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ጥቂት ፍሬ በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አንዱን አውጥታችሁ ነጭ ሳህን ላይ በጣታችሁ ዘርጉት። ጫፉና ጠርዙ የሚታይ ቅጠል ከሆነ ለብዙ ዙር ይሆናል። የተቆራረጠ ከሆነ ሁለት ዙር ተስፋ አድርጉ። ጭቃ መስሎ ከተበተነ አንዴ ብቻ አፍሉትና ጠጡት።

ውሃው፦ ሐዋሳ ላይ የሚለየው

የቻይና ወይም የእንግሊዝ መመሪያ ያነበበ ሰው "በ100 ዲግሪ ውሃ" የሚል ያገኛል። እኛ ዘንድ 100 ዲግሪ የሚባል የፈላ ውሃ በተራ ማንቆርቆሪያ አይገኝም። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ኡሎንግ፣ ጥቁር ሻይና ፑኤር (ቦክቶ የሚቆይ የቻይና ሻይ) የመሳሰሉት ትልቅ ሙቀት ስለሚፈልጉ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ሳለ ወዲያው አፍሱባቸው፤ "ትንሽ ይብረድ" የሚለውን ምክር እርሱት። በውጭ መመሪያ ላይ ያለውን ሰዓትም በአምስት ሰከንድ ያህል አስረዝሙት። አረንጓዴ ሻይ ግን ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የፈላውን ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ገልብጡት፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በእያንዳንዱ ግልበጣ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፣ በሁለተኛው ላይ ለአረንጓዴ ሻይ ወደሚስማማው ይጠጋል።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ማዕድኑ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅራፊ ከተጋገረ፣ ሻዩም ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ቀጭን ሽፋን የሚያበጅ ከሆነ ውሃችሁ ከባድ ነው። በከባድ ውሃ ሻይ ይጠቁራል፣ መዓዛው ግን ይታፈናል። ለድቃቂው ሻይ ብዙም ላይታወቃችሁ ይችላል፤ አምስተኛ ዙር ላይ ያለ ስስ ኡሎንግ ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። እኔ ለዘወትር ሻይ የቧንቧውን፣ ለዚህ ዓይነቱ ግን የታሸገ ውሃ እጠቀማለሁ። የሚፈጀውም ጥቂት ነው፤ ሰባት ዙር ሙሉ ከአንድ ሊትር በታች ይበቃዋል። ጠርሙሱ ላይ የሟሙ ማዕድናት ጠቅላላ መጠን ተጽፎ ከሆነ በሊትር ከ50 እስከ 150 ሚሊ ግራም ያለውን ምረጡ። ቅራፊውን ደግሞ በአቼቶ ወይም በሎሚ አፍልታችሁ አጽዱት።

የጉድጓድ ውሃ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር በአጽንዖት ልናገር። በስምጥ ሸለቋችን ብዙ ቦታ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የሻይ ተክልም ፍሎራይድን ከአፈር ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል፣ ያረጀ ቅጠል ደግሞ የበለጠ ይይዛል። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያጠነክረዋል። በውሃው ምክንያት የሰው ጥርስ ቡኒ በሚሆንበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ፣ ሻይ የምታፈሉበትን ውሃ አስቡበት።

ዕቃው ከቤት ይገኛል

ቻይናዎቹ ጋይዋን የሚሉት ክዳንና ማስቀመጫ ያለው ጎድጓዳ ሲኒ አላቸው። ካገኛችሁ መልካም፤ ካላገኛችሁ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ከ150 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ የተለበጠ ሸክላ ወይም የብርጭቆ ትንሽ ዕቃ፣ የሚገጥመው ክዳን (የሲኒ ማስቀመጫ ይሆናል)፣ ማጥለያ፣ የወጣውን ሻይ የምትቀበሉበት ሌላ ብርጭቆ፣ የቡና ሲኒዎች፣ የፈላ ውሃ የያዘ ፔርሙስ እና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ።

ሲኒዎቻችን ለዚህ ሥራ የተሠሩ ነው የሚመስለው። የእኔን በሳል ሽሮፕ መለኪያ ሞልቼ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አንዷ 70 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። እናንተም አንድ ጊዜ ብቻ ለኩና መዝግቡት፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን በሲኒ ትሰፍራላችሁ።

ጀበና ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት። ያልተለበጠ ሸክላ መዓዛ ይመጥጣል። እኔ በአንድ አሮጌ ጀበና ሞክሬ ስድስቱም ዙር ቡና ቡና ሸቷል፤ ያን ዕለት የነበረኝ ጥሩ ቅጠል እንዲሁ ሄደ። ሻዩን የሚያስቀምጡበት ቆርቆሮም ከበርበሬና ከቅመም መደርደሪያ ይራቅ፤ የደረቀ የሻይ ቅጠል በአካባቢው ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል።

ልኩ

እኛ ሻይ የምናፈላው በብዙ ውሃና በጥቂት ቅጠል ነው። ደጋግሞ ለማውጣት ግን ግልባጩ ነው፤ ብዙ ቅጠል፣ ጥቂት ውሃ፣ አጭር ጊዜ። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ግራም ቅጠል መነሻ ይሁናችሁ። በእኔ ሲኒ አንድ ተኩል ሲኒ ገደማ ማለት ነው። ለተድበለበለ ኡሎንግ 5 ግራም ሁለት የሻይ ማንኪያ ልክ ልክ ያህል ይሆናል። ረጅምና ለስላሳ ቅጠል ግን ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም፤ ያው 5 ግራም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የኪስ ሚዛን ካላችሁ ግምቱ ይቀራል።

"ሁለት ማንኪያ ለአንድ ተኩል ሲኒ? ይህማ ብክነት ነው" የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን ሒሳቡን አስቡት። ሰባት ዙር በ100 ሚሊ ሊትር 700 ሚሊ ሊትር ሻይ ነው፤ ያውም እየተለዋወጠ የሚመጣ።

ዙር በዙር

እዚህ ላይ ምሳሌ የማደርገው የተድበለበለ ኡሎንግ ነው፤ ለመማር ከእርሱ የሚሻል የለም፤ ቢያጠፉበትም ይታገሣል።

ዕቃውን በፈላ ውሃ አሙቁት፣ ውሃውን ድፉ። ደረቁን ቅጠል ሙቁ ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ ክደኑት፤ አንዴ ነቅነቅ አድርጉና ክዳኑን ከፍታችሁ አሽቱት። ቡና ሲቆላ ጭሱን ወደ ራሳችን እንደምንስበው ነው። በዚህ ሽታ የሻዩን ባሕርይ ከመቅመሳችሁ በፊት ታውቁታላችሁ።

አሁን የፈላ ውሃ አፍሱበትና አምስት ሰከንድ ቆይታችሁ ድፉት። ይህ ማጠቢያ ነው፤ አቧራውን ያነሣል፣ ከሁሉ በላይ ግን ቅጠሉን ያነቃዋል። የተድበለበለ ኡሎንግና ተጠፍጥፎ የደረቀ ፑኤር ይህን ይፈልጋሉ። አረንጓዴና ነጭ ሻይ አይታጠቡም፤ ምርጡ ነገራቸው አብሮ ይሄዳል።

አቦሉ 20 ሰከንድ ነው። ውሃውን ዙሪያውን እያዞራችሁ አፍሱ፣ ክደኑ፣ ቁጠሩ፣ በማጥለያ አሳልፋችሁ ወደ መቀበያው ብርጭቆ ቅዱ። ከዚያ አንጠፍጥፉት። ከጠቅላላው መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ዕቃውን ዘቅዝቃችሁ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠብቁ፤ ጠብታዎቹ ተራርቀው ሲወርዱ ትሰሟቸዋላችሁ። ሻይ ከቡና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በጀበና አተላው ውሃ ውስጥ እንደተቀመጠ ቶናው ይመጣል፤ ሻይ ግን ሥሩ ላይ የቀረች አንዲት ማንኪያ ውሃ ቅጠሉን እያበሰለች ትቆይና ቀጣዩን ዙር ታመርረዋለች። አንጠፍጥፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት፤ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ እንፋሎቱ ቅጠሉን ይቀቅለዋል።

መቀበያ ብርጭቆ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። በቀጥታ በየሲኒው ከቀዳችሁ የመጀመሪያው ሲኒ ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ላይ ይገናኝ፣ ከዚያ ለሁሉም እኩል ይቀዳ።

ቶናው ከአቦሉ ያጥራል፤ 15 ሰከንድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ "ሁለተኛው ደከም ስለሚል ላስረዝመው" ብሎ። የተድበለበለው ቅጠል በአቦሉ ጊዜ ገና ተጨብጦ ነበር። ቶናው ላይ ግን ተከፍቶ ይጠብቃችኋል፣ ውሃው በአንዴ ይገባበታል። ኡሎንግ ቁንጮው ላይ የሚደርሰው በዚህና በሚቀጥለው ዙር ነው።

ከዚያ ወዲያ እየጨመራችሁ ሂዱ። ሦስተኛው 25 ሰከንድ፣ አራተኛው 35፣ አምስተኛው 50፣ ስድስተኛው አንድ ደቂቃ ከሩብ፣ ሰባተኛው ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ አሁንም ጣዕም ካለው አራት ደቂቃ ስጡት። ይህ ሕግ ሳይሆን መነሻ ነው። ሲኒው ቀጥኖ ከመጣ ቀጣዩን በአሥር ሰከንድ አስረዝሙ፣ ምላስ ካደረቀ አሳጥሩ። የምትመሩት በምላሳችሁ ይሁን እንጂ በቀለሙ አይሁን፤ ጥሩ ኡሎንግ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ አፍ ሙሉ ጣዕም ሊኖረው ይችላል።

ጣዕሙ ለምን ይለዋወጣል? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አይወጣም። ጣፋጭነት የሚሰጡት አሚኖ አሲዶችና ካፌይኑ በውሃ ቶሎ ይሟሟሉ፤ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ጊዜና ሙቀት ይፈልጋል። በራድ ውስጥ አሥር ደቂቃ ስናንተከትከው ሁሉንም በአንድ ሲኒ እናወጣዋለን፤ ጣፋጩ በመራራው ይሸፈናል። በአጭር በአጭር ስትቀበሉት ግን አበባ አበባ የሚለው፣ ቅቤ ቅቤ የሚለው፣ ማር ማር የሚለው በየተራው ይመጣል።

እናቴ ከይርጋለም መጥታ ሳለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ ስትመለከት ነበር። አቦሉን ቀምሳ ዝም አለች። ቶናውን ጠጥታ ሲኒውን መልሳ ሰጠችኝ። አምስተኛው ላይ ክዳኑን በራሷ እጅ ከፍታ ቅጠሉን አየችው፤ ዕቃውን ሞልቶ ወደ ላይ ገፍቷል፣ የገባው ግን ሥሩን ብቻ ነበር የሸፈነው። "ልጄ፣ ቡናው በረካ ላይ ያበቃል፤ ይሄ ግን ገና እያደገ ነው" አለች። ስድስተኛውን ራሷ ቀዳችው፤ ማንጠፍጠፉን እንኳ ከእኔ በላይ ታግሣ ነው የያዘችው።

ስኳርና ቅመም

ስኳር አትጠጡ አልልም። ግን ቅጠሉ ያለበት ዕቃ ውስጥ ስኳር አይግባ። ከገባ ቀጣዩ ዙር አበቃለት፤ ቅጠሉም ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። የፈለገ በየሲኒው ይጨምር። እኔ እንግዳ ሲመጣ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አቦሉን ያለ ስኳር ይቅመስልኝና ከዚያ እንደ ፍላጎቱ።

ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ለድቃቂው ሻይ ናቸው፤ እዚያ ቦታቸው ነው፣ እወደዋለሁ። አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ ግን ለስስ ቅጠል እንደ ጫጫታ ነው። ቅመም የግድ ከፈለጋችሁ ለብቻው አፍሉትና ከመጨረሻዎቹ ዙሮች ጋር ቀላቅሉት።

ሌሎቹ ቅጠሎች

አረንጓዴ ሻይ ለ100 ሚሊ ሊትር 4 ግራም፣ ውሃው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ፣ የመጀመሪያው 30 ሰከንድ፣ ከዚያ 20፣ 40፣ አንድ ደቂቃ ከግማሽ። ሦስት አራት ዙር ይሰጣል። በየዙሩ ውሃውን ጥቂት አሙቁት። ሲመርር ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሙቀቱ ነው።

ሙሉ ቅጠል ጥቁር ሻይ በፈላ ውሃ፣ 15 ሰከንድ፣ 20፣ 40፣ ሁለት ደቂቃ። ብርቱ ሆኖ ይጀምርና በቶሎ ያልቃል፤ ከአራት ዙር በላይ አትጠብቁ።

ነጭ ሻይ ለስላሳ ስለሆነ በዓይን ሲታይ ብዙ፣ በሚዛን ጥቂት ነው፤ በሚዛን ስጡት። 30 ሰከንድ ጀምሩ፣ አምስት ስድስት ዙር ይሄዳል። በጃስሚን የታሸ ሻይ ሽታው ከላይ የተጨመረለት ስለሆነ በሦስተኛው ዙር መዓዛው ይሄድና ቅጠሉ ብቻ ይቀራል።

ከቻይናዋ ዩናን የሚመጣው ፑኤር፣ በተለይ የበሰለው ጥቁሩ፣ ከሁሉ ይጸናል። ሁለት ጊዜ አጥባችሁ በ10 ሰከንድ ብትጀምሩ አሥር ዙር ያደርሳችኋል። የመጀመሪያው ሲኒ የእርጥብ መሬት ሽታ አለው፤ አትደንግጡ።

እና ድቃቂው የሱቅ ሻይ? አንድ መላ አለው። አንድ ማንኪያ ለሁለት ብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ የፈላውን አፍሱበት፣ በአንድ ደቂቃ አጥልሉ፤ ይህ ቀለል ያለ፣ ሎሚ የሚወድ ሻይ ነው። ያንኑ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አራት ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ሁለተኛውን በስኳር ጠጡ። ከዚያ ይደፋ። በራዱን ጠዋት ጥዶ ውሃ እየጨመሩ እስከ ማታ ማንተክተክ ግን ደጋግሞ ማውጣት አይደለም፤ አንድን ቅጠል ቀኑን ሙሉ መቀቀል ነው።

ቤተሰብ ሲበዛ

ለስምንት ሰው በትንሽ ዕቃ መቅዳት ያደክማል። 10 ግራም በ600 ሚሊ ሊትር በራድ አድርጋችሁ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ፣ ሁለተኛውን ሦስት፣ ሦስተኛውን አምስት ደቂቃ አውጡ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ በሙሉ አጥልላችሁ ወደ ፔርሙስ ገልብጡ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይቀላቀሉ። የየዙሩ ልዩነት ይጠፋል፣ ግን ማንም ሳይጠብቅ ሁሉም ጥሩ ሻይ ይጠጣል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሽርሽር ስንወጣ የምንይዘው ይህን ነው።

የፈላውን ውሃ በፔርሙስ መያዝ መብራት ሲጠፋም ያድናል። ነገር ግን ፔርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ይቀንሳል፤ ከአራተኛው ዙር በኋላ በየዙሩ አሥር ሰከንድ ጨምሩለት። ከሰል ላይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ ካላችሁ ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃው እስከ መጨረሻው እንደተንፈቀፈቀ ይቆያል።

ሲጣመም

ከመጀመሪያው ዙር ከመረረ ቅጠሉ በዝቷል ወይም ጊዜው ረዝሟል፤ ቅጠሉን አታውጡ፣ ቀጣዩን ውሃ አፍስሳችሁ ወዲያው ቅዱ። ከሁለተኛው በኋላ በድንገት ከመረረ አላንጠፈጠፋችሁትም። ሦስተኛው ላይ ውሃ ውሃ ካለ ወይ የመጀመሪያውን አብዝታችሁ አቆይታችኋል፣ ወይ ውሃው በቂ ሙቀት አልነበረውም፣ ወይም ቅጠሉ አርጅቷል። ላዩ ላይ ሽፋን ከታየ ውሃው ከባድ ነው፤ ሁለት ጠብታ ሎሚ ሽፋኑን ይበትነዋል፣ የኡሎንጉን መዓዛ ግን አይመልስም።

"በአምስት ሰከንድ አጠብኩት፣ ካፌይኑ ሄደ" የሚባለው ልክ አይደለም። በዚያች አጭር ጊዜ የሚወጣው ጥቂት ነው። አምስት ደቂቃ ከተዘፈዘፈ አብዛኛው በመጀመሪያው ዙር ይወጣል፤ በአጭር ዙር ሲሆን ግን በየሲኒው ይከፋፈላል። እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከሰዓት በኋላ ጠጡ፣ ለማታ የኋለኞቹ ይቆዩ። ደግሞም ሻይ ከምግብ ላይ ብረት የተባለውን ማዕድን ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያግድ፣ ነፍሰ ጡርና ደም ያነሰው ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቆ ቢጠጣው ይሻላል።

አቋርጦ መመለስ

ሦስት ዙር ጠጥታችሁ ሥራ ቢጠራችሁ ቅጠሉ በደንብ ተንጠፍጥፎ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ሦስት አራት ሰዓት ይጠብቃችኋል። ስትመለሱ ቀጣዩ ዙር ላይ አሥር ሰከንድ ጨምሩ፤ ቅጠሉ ቀዝቅዟልና። ከዚያ በላይ በእኛ ሙቀት ውጪ አታሳድሩት። እርጥብ ቅጠል በሞቀ ክፍል ውስጥ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። የተለየ ሽታ ካመጣ ወይም በእጅ ሲነካ ከሙለጨለጨ ያለ ክርክር ይደፋ።

ማደር ካለበት ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ። ይህ የእኔ የዘወትር የመጨረሻ ዙር ነው። ስድስተኛውን ከጠጣሁ በኋላ ቅጠሉን በንጹሕ ጠርሙስ ከሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ የታሸገ ውሃ ጋር አድርጌ ስምንት ሰዓት እተወዋለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ታኒኑን እምብዛም አይነካውም፤ ጠዋት የሚወጣው ጣፈጥ ያለ፣ ምንም ስኳር የማይጠይቅ ሻይ ነው። ሐዋሳ በምትግልበት የመጋቢት ቀን ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። በዚያው ቀን ይጠጣል፣ አይከርምም።

ፑኤርና የቆየ ነጭ ሻይ ከሆነ ሌላ መጨረሻም አለው። ዙሩ ሲያልቅ ቅጠሉን ትንሽ ብረት ድስት ውስጥ ጨምራችሁ በሁለት ሲኒ ውሃ ከሰል ላይ አምስት ደቂቃ አንተክትኩት። እዚህ ላይ እንደ ልማዳችን ማፍላት ይፈቀዳል፤ የሚመርር ነገር አልቆ የቀረው ከቅጠሉ ውስጥ የሚወጣ ወፍራም፣ የቴምር ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው።

አበቃ የሚባለው ሲኒው ላይ የእርጥብ እንጨት ሽታ ብቻ ሲቀርና አራት ደቂቃ ዘፍዝፋችሁት እንኳ ሙቅ ውሃ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ለልጆች አሳዩአቸው፣ የትኛው ሙሉ እንደሆነ ይቁጠሩ። ከዚያ በአበባ ማሰሮ አፈር ላይ በስሱ ይበተን። ስኳር የነካው ከሆነ ግን አትበትኑት፤ ጉንዳን ይጠራል።